ሁለተኛ ሂት ማፍ ከመግጠምህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን የድሮ ጣጣ አስታወስከኝ። በገዛ እጅህ የሰራሃት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አለችህ። በብርድ ወራት ማሞቂያውን እስከ ጥግ ብትከፍተውም እግርህ ይደነዝዛል፣ ማጅራትህን ይበርድሃል። ያለህ አንድ ሂት ማፍ (በጭስ ማውጫ ቱቦው ላይ ተጠልቆ የካቢኑን አየር የሚያሞቅ ላሜራ) ነው፤ ሁለተኛ ልጨምር ወይ ብለሃል። አጭሩ መልሴ ገና አትጨምር ነው። ረጅሙ ይኸውልህ።

እኔ ጨምሬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኮፈኑ ስር ሳልወጣ፣ በሌላኛው የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ ሁለተኛውን አስሬ፣ ቱቦዎቹን ቀጥዬ ተነሳሁ። ውጤቱ? ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ሊጠበስ ደረሰ። ግራው ያው በረዶ። ማጅራቴም እንደዚያው። ከፊት የሚነፋው አየር ትኩስ ነበር፤ ካቢኑ ግን አልሞቀም። ችግሩ ሙቀት ማነሱ ሳይሆን ብርድ መግባቱ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር በካኖፒው (ከራስህ በላይ ባለው ብርሃን አስተላላፊ ክዳን) ጉብታ ላይ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ስለዚህ የካቢኑ አየር በካኖፒው ጠርዝ በኩል ወደ ውጭ ይሳባል። የወጣውን የሚተካ አየር ደግሞ ካገኘበት ቀዳዳ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከጅራት ነው። የኤሌቬተሩ (አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጅራት መሪ) ዘንግና የራደሩ (ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት መሪ) ኬብል ከሚያልፉበት ክፍተት ይገባና በባዶው ጅራት ውስጥ ወደ ፊት ይመጣል። ከዚያ ከሻንጣ ማስቀመጫው ኋላ ባለው ግድግዳ ሾልኮ ማጅራትህ ላይ ያርፋል። ሌላው መግቢያ ክንፉ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ የኤሌሮን (የክንፉ መሪ) ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። በየ1,000 ጫማው ሙቀት በ2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መሬት ላይ ዜሮ ከሆነ 8,000 ጫማ ላይ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ የሆነ አየር ነው የሚገባብህ። ይህን የትኛው ማሞቂያ ይችለዋል?

ቀዳዳውን በግምት አትፈልግ። እኔ ከሹራብ የተረፈ ክር በጣት ርዝመት እየቆረጥኩ፣ በየጥርጣሬው ቦታ አንድ ጫፉን በፕላስተር ለጠፍኩ። ከዚያ ጓደኛዬ ሲያበር እኔ ዞሬ ክር አየሁ። ከሻንጣው ኋላ ያለው ክር ወደ ፊት ተዘርግቶ እንደ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ግድግዳ) ላይ ያለው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ደግሞ ለወራት ስደፍን የከረምኩት ፋየርዎሉን ነበር! መሬት ላይ ከሆነ የአየር መንፊያ በአንዱ መስኮት አስገብተህ ካቢኑን ንፋና ከውጭ የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ የሰራበት ሁሉ ቀዳዳ ነው።

አደፋፈኑ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ በል። ዘንግ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ስስ ቆዳ እንደ ከረጢት ሰፍተህ አልብሰው። ከዚያ ስቲኩን (የመሪውን ዱላ) በሁሉም አቅጣጫ እስከ ጥግ እያንቀሳቀስክ ደጋግመህ ሞክር። ትንሽ እንኳ ከያዘ ወይም ከጎተተ አውጣው፤ ከሙቀት ይልቅ መሪ ይሻላል። ለካኖፒው ጠርዝ ስፖንጅነት ያለው የጎማ ጥብጣብ በቂ ነው።

ሁሉንም ግጥም አድርገህ አትድፈን ደግሞ። እኔ በጉጉት ሁሉንም ደፈንኩና ትኩሱ አየር ራሱ መግባት አቆመ። የሚወጣበት ሲያጣ በምን በኩል ይግባ? ከመቀመጫው ኋላ ትንሽ መውጫ ሰርቼለት ነው የተስተካከለው። መውጫው ኋላ ሲሆን ትኩሱ አየር ካቢኑን አቋርጦ ይወጣል፣ የኋላ ተሳፋሪ ካለህም ይደርሰዋል።

አሁን ወዳለህ ሂት ማፍ እንምጣ። ቱቦው ላይ እንደ እጅጌ የተጠለቀ ላሜራ ነው፤ አየሩ በመሃል ያልፋል። ባዶ ከሆነ ብዙው አየር ትኩሱን ቱቦ ሳይነካ ያልፋል። የስቴንለስ ስቲል ሞላ በቱቦው ዙሪያ ጠምጥምበት። አየሩ እየተጋጨ፣ እየተንገዋለለ ያልፋል፣ ሙቀትም ይዞ ይወጣል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የሚጠቀጥቁ አሉ። ይሰራል፤ ግን ከበዛ አየሩን ያንቃል፣ ስንጥቅም ይሸፍናል። እኔ ሞላውን እመርጣለሁ። መግቢያና መውጫው በተቃራኒ ጫፍ ይሁኑ። ማሞቂያው ሲዘጋም ቫልቩ አየሩን ወደ ኮፈኑ ውስጥ ያፍስሰው እንጂ አይገድበው፤ የቆመ አየር ቱቦውን ያግለዋል።

ትኩሱ አየር በፋየርዎሉ የሚያልፍበት የቫልቩ ሳጥን ከአሉሚኒየም ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፋየርዎል የሚፈተንበት ነበልባል ግን 1,100 ዲግሪ ገደማ ነው። ፋየርዎልህ ስቲል ሆኖ ቀዳዳው አሉሚኒየም ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የጭሱን መርዛማ ጋዝ፣ ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። የምትተነፍሰው አየር የጭስ ማውጫ ቱቦ እየታከከ የመጣ ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትበቃለች። ሽታ የለውም፤ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ጋዙን ሲያገኝ ቀለም የሚቀይረውን ካርድ እርሳው፣ ማንም አያየውም። የሚጮህ ዲጂታል መለኪያ ግዛ። ከጮኸ ማሞቂያውን ዝጋ፣ የውጭ አየር ክፈት፣ ውረድ። በየዓመታዊ ፍተሻውም ሂት ማፉን ፈትተህ አውጣ። በጭስ ማውጫው ጫፍ አየር ንፋና ቱቦውን ሳሙና ቀባው።

የእኔ መለኪያ ማሞቂያው ተዘግቶ፣ ሽቅብ ስወጣ 35 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 35ቱ ይህ ጋዝ) አሳየኝ። ቱቦው ቢፈተሽ ቢፈተሽ ደህና ነው። ለካ ጭሱ በሆዷ ስር ሄዶ፣ በጅራት ገብቶ፣ በዚያው በክሩ መንገድ ነበር የሚመጣው። ጅራቱ ሲደፈን ብርዱም ቁጥሩም አብረው ወረዱ።

ሁለተኛው ሂት ማፍ አሁን መደርደሪያ ላይ ነው። ክሩን ለጥፈህ ብረርና የትኛው ወዴት እንደተዘረጋ ጻፍልኝ። ከዚያ ስለ ሁለተኛው እናወራለን።