ጥያቄና መልስ፦ መንታዎቼ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ስለቴን ስላላደረስኩ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከስምንት ዓመት ትዳር በኋላ መንታ ወንዶች ልጆች ወለድኩ። በ30ኛው ሳምንት ነው የመጡት። ትልቁ 1 ኪሎ ከ300፣ ትንሹ 1 ኪሎ ከ150 ግራም ነበሩ። 51 ቀን ሆስፒታል ቆይተን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱንም ይዘን ወጣን። 40ኛ ቀናቸው ማሞቂያ ውስጥ እያሉ ስላለፈ ክርስትና የተነሡት ዘግይተው ነው። አሁን አምስት ወራቸው ነው። የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ልጅ ስጠኝ ብዬ ተስዬ ነበር። ማርገዜን ሳውቅ «ስወልድ አደርሳለሁ» ብዬ አቆየሁት። አማቴ «ያለ ጊዜያቸው የመጡት ለዚህ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ «ጭንጋፎቹ እንዴት ናቸው?» ስትል ሰምቼ አልቅሻለሁ። ሌሊት ሌሊት እጄን ደረታቸው ላይ አድርጌ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። ለጸሎት ስቆም አባታችን ሆይን ጀምሬ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሰው ሁሉ «ተመስገን በዪ» ይለኛል፤ ደስታው ግን አልመጣልኝም። እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አራስነቱም ስለ ጾሙም የምታውቂውን አልደግምልሽም፤ የነፍስ አባትሽ ያሉሽን ይዘሽ ሂጂ። ስለ 40 ቀኑ ግን አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ቀኑ የተቆረጠው ለሕፃኑ ነው እንጂ ሕፃኑ ለቀኑ አልተፈጠረም። ሕፃን ለሞት ቢያሰጋ ካህኑ ቀኑን ሳይጠብቅ ያጠምቀዋል። ከማሞቂያ መውጣት ካልቻለ ደግሞ እስኪወጣ ይጠበቃል። ልጆችሽ ተጠምቀዋል፤ ጥምቀታቸውም ሙሉ ነው። በዚህ አትጨነቂ።

ወደ ስለቱ ልምጣ። ይህን ነገር ካንቺ ብቻ ሰምቼው ቢሆን በሁለት መስመር እመልስልሽ ነበር። ግን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ፅንስ የወረደባት እናት «ያን ሰሞን ጾም ፈትቼ ነበር» ትላለች። ልጁ ታሞ የተኛበት አባት «እናቴን ክፉ ተናግሬያት ነበር» ይላል።

አንድ ጊዜ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ደጃፍ ላይ ከአንድ አባት ጋር ቆሜ ነበር። እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጥቧል። ግባ ተብሏል። አይገባም። «እኔ ስነካው ቢብስበትስ?» አለኝ። ስለ ጀርም የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ለካ ስለ ኃጢአቱ ነው። ኋላ ነርሷ እየጎተተች አስገባችው። ሸሚዙን አስወልቃ ሕፃኑን ባዶ ደረቱ ላይ አስተኛችለት። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ቦጎታ ላይ፣ ማሞቂያ ሲያጥር የተጀመረ ነው። የወላጅ ገላ ሕፃኑን ያሞቀዋል፣ ትንፋሹን ያረጋጋለታል። ያ አባት ልጄን ይጎዳብኛል ብሎ የፈራው ገላ መድኃኒቱ ሆነ።

ሰዎቹ ይለያያሉ፣ ሐሳቡ አንድ ነው። እግዚአብሔር ደብተር ዘርግቶ የተቀመጠ አራጣ አበዳሪ ነው፣ ክፍያ ሲዘገይበት ልጅን በመያዣ ይወስዳል የሚል። እኅቴ፣ እንዲህ ያለ አምላክ አናመልክም። የምናመልከው ስለ እኛ የገዛ ልጁን የሰጠውን ነው። እሱ ባልደረሰ ስለት የአንቺን ልጆች ትንፋሽ አያሳጥርም።

ስለትሽን አድርሺ። ይህን አላለዝብልሽም። ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል መክብብ (5፥5)። ስለት ቃል ነው፤ ቃል ይፈጸማል። ግን የምታደርሺው ልታመሰግኚ ነው እንጂ ልጆችሽን ልታስለቅቂ አይደለም። አሁን አቅም ካጠረሽ ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ጊዜውን አብረው ያዩልሻል። ብድር እንዳትገቢ። ለልጆቹ ሕክምና ያስቀመጥሽውንም እንዳትነኪ።

አሁን ኦሪት ዘፍጥረትን ግለጪና ሁለት የመንታ እናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጪልኝ። አንደኛዋ ርብቃ ናት (ዘፍ. 25)። ይስሐቅ ሲያገባት 40 ዓመቱ ነበር፤ ልጆቹ ሲወለዱ 60። ሃያ ዓመት ጠብቀዋል። በጸሎት የተገኘ ፅንስ ነው። እርግዝናው ግን አስጨነቃት፤ ልጆቹ ሆዷ ውስጥ ይገፋፉ ነበር። ይህ ለምን ሆነብኝ ብላ እግዚአብሔርን ልትጠይቅ ሄደች። እሱም አልተቆጣትም። «ምን አጥፍተሽ ነው?» አላላትም። ስለ ልጆቿ ነገራት እንጂ።

ሁለተኛዋ ትዕማር ናት (ዘፍ. 38)። ከአማቷ ከይሁዳ እንዴት እንደፀነሰች ታውቂያለሽ፤ ለማውራት እንኳ ይከብዳል። መንታዎቿ ግን በሰላም ተወለዱ። አንዱ እጁን አወጣ፤ አዋላጇ ቀይ ፈትል አሰረችለት። እጁን መለሰና ሌላኛው ቀድሞ ወጣ። ፋሬስና ዛራ ናቸው። ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ገና በሦስተኛው ቁጥር ላይ ሁለቱንም ከነእናታቸው ይጠራቸዋል።

እርግዝና የኃጢአት ሒሳብ የሚወራረድበት ቢሆን ጭንቁ ለትዕማር፣ ዕረፍቱ ለርብቃ በሆነ ነበር። የተጻፈልን ግን በጸሎት የተገኘው እርግዝና ጭንቅ እንደነበረበት ነው። ይህን ለአማትሽም አንብቢላቸው። ጌታን እንደሚወዱ አልጠራጠርም። ስለ ዕውሩ «ማን ኃጢአት ሠራ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው የጠየቁትም እኮ ጌታን የሚወዱት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው (ዮሐ. 9)። ጌታ ግን እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ።

ደግሞ ይህን አስቢ። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያለ ጊዜው እንደተወለደ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል። ከ10 ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። መንታ ሲሆን ደግሞ ግማሽ ያህሉ ቀድመው ይመጣሉ። ማኅፀን ለሁለት ሲለጠጥ ምጥ ቶሎ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ሐኪምም ምክንያቱን ለይቶ አያገኘውም። ለእነዚህ ሁሉ እናቶች ያልደረሰ ስለት ልንፈልግላቸው ነው?

አማትሽን ለምን ቶሎ አመንሻቸው? እንደሚመስለኝ ምክንያት የሌለው መከራ ስለሚከብድ ነው። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» ማለት ያማል፤ ግን ቢያንስ መልስ ነው። ጥፋቱ የኔ ከሆነ፣ ሁለተኛ ካላጠፋሁ አይደርስብኝም ያሰኛል። ሌሊት የምትቆጥሪውም ለዚህ ይመስለኛል። ካልቆጠርሽው የሚቆም መስሎሽ። ከመቁጠርሽ በፊትም ይተነፍሱ ነበር እኮ፣ እኅቴ። ትንፋሹ የእግዚአብሔር ነው።

ደስታው አልመጣልኝም ያልሽውን ግን እንደ ኃጢአት አልይዝብሽም። 51 ቀን ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ስትደነግጪ ከርመሻል። ሰውነትሽ ከሆስፒታሉ ወጥቷል፤ ጆሮሽ ገና እዚያው ነው። ኤልያስን ታስቢዋለሽ? እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ለመነ (1ነገ. 19)። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፤ ተመልሶ ተኛ። ድጋሚ ቀስቅሶ አበላው። ስለ ተልእኮው የተነጋገሩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሰው ሲዝል እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሚልክለት ምግብና እንቅልፍ ሊሆን ይችላል።

እንቅልፍ ማጣቱና የልብ መጨለሙ ከሰነበተ ግን ሕመም ነው። ያለ ጊዜ በወለዱ እናቶች ላይ ይበረታል። መታከምም አለበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ የልጆቹን ብቻ ሳይሆን የራስሽንም ነገር ለሐኪሙ ንገሪው። ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል ሲራክ 38። የልጆቹን ቀጠሮም አንድም እንዳታሳልፊ፤ በተለይ የዓይንና የጆሮውን። ቀድመው የተወለዱ ሕፃናት የዓይናቸው ደም ሥር በትክክል ላያድግ ይችላል። በጊዜ ከታየ ይታከማል፤ ከዘገየ ዓይን ያጠፋል። ጸበሉ ቀጠሮውን አይሽረውም። ይህን «እምነት ካለሽ ሐኪም ምን ያደርግልሻል» ለሚልሽ ሁሉ ንገሪው፤ መምህሩ ነው ያለኝ በዪ።

አምስት ወራቸው ነው ብለሻል። ሐኪሞች ዕድገታቸውን የሚለኩት ሊወለዱ ከነበረበት ቀን ጀምረው ነው። በዚያ ስሌት ሁለት ወር ከመንፈቅ ገደማ ናቸው። የጎረቤት ልጅ በአምስት ወሩ ተገላበጠ ብለሽ አትደንግጪ። ቤተ ክርስቲያን ግን ከተወለዱበት ቀን ነው የምትቆጥራቸው። 1 ኪሎ ከ150 ግራም የነበረው ያ ትንሹ፣ በዚያው ቀን ሙሉ ሰው ነበር።

«ጭንጋፎቹ» ላለችው ዘመዳችሁም የምለው አለኝ። ቅዱስ ጳውሎስ በዚህ ቃል የጠራው ራሱን ነው፤ «እንደ ጭንጋፍ ለምሆን ለእኔ» ይላል (1ቆሮ. 15፥8)። ራሱን ዝቅ ሊያደርግ ለራሱ የተናገረውን ቃል አንስተን በሕፃን ላይ መወርወር አይገባንም። ሁለቱም የክርስትና ስም አላቸው። በስማቸው ትጥራቸው።

አሁን ጸሎቱ። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል ብለሻል። የሚቀጥለው ቃል «ስጠን ለዛሬ» ነው። ስለ ነገ አይልም። ይሄዱ ይሆን፣ ትምህርት ይገባቸው ይሆን፣ የሚለውን ሁሉ ዛሬ ጨርሺ አልተባልሽም። ስለዚህ ለጊዜው ጸሎትሽ ይጠር። ቆመሽ ካልቻልሽ ተቀምጠሽ፤ ካልሆነም እያጠባሽ። ለትልቁ ስታጠቢ «ስጠን ለዛሬ»፣ ለትንሹ ስታጠቢ «ስጠን ለዛሬ»። በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ታጠቢያለሽና ብዙ ጸለይሽ ማለት ነው። ሲበረቱና ስትበረቺ ሙሉውን ትመለሺበታለሽ። ቤተ ክርስቲያን መምጣት የቻልሽ ዕለት ደግሞ ልጆቹ አለቀሱ ብለሽ ወደ ደጅ እንዳትሮጪ። የሕፃን ልቅሶ ቅዳሴ አያፈርስም።

አማትሽን በቀጥታ ላናግራቸው። እናቴ፣ እርስዎም በነዚያ 51 ቀናት እንዳለቀሱ አውቃለሁ። ያን ቃል ግን ዳግመኛ አይናገሯት። ይልቅ ዛሬ ማታ ሁለቱን ሕፃናት እርስዎ ክፍል ውስጥ ያስተኙላት። ለመጥባት ሲነቁ ብቻ ያምጡላት። ትንፋሽ መቁጠሩን ለአንድ ሌሊት እርስዎ ይረከቧት።

አንቺ ደግሞ እኅቴ፣ የሁለቱን የክርስትና ስም፣ የአንቺንና የባለቤትሽንም ጨምረሽ ጻፊልኝ። የፊታችን እሑድ ለሚቀድሱት አባት እሰጣቸዋለሁ።