350 ዲግሪ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ልትሰናበተኝ መጣች። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ናት። ለተግባር ልምምድ ወደ ምሥራቅ ቆላ ልትሄድ ነው። በጅማ ዝናብ ያደገች ልጅ ስለ ሙቀቱ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሁለተኛው ቡና ላይ፣ "ጋሼ፣ የመንገዱ መስመር ላይ የጥንት ፍርስራሽ ቢገጥመኝ ምን ላድርግ?" አለችኝ።

መልሱ ቀላል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992፣ መንገድ ሲሠራ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካ ጠብቆ ያሳውቅ ይላል። ይህንኑ ነገርኳት። ስኒዋን አስቀምጣ "እርስዎ ገጥሞዎት ያውቃል?" ስትለኝ ግን ወሬ ቀየርኩ። ለሷ ያልመለስኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ጊዜው 1976 ዓ.ም. ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከድሬዳዋ በስተምሥራቅ የጠጠር መንገድ እንቀይስ ነበር። አገሩ ግራርና ቁልቋል ነው፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ። ሥራ የምንጀምረው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ በቲዎዶላይቱ፣ ማዕዘን በምንለካበት መሣሪያ፣ ስታዩ የልኬት ዘንጉ እንደ እባብ ይወዛወዛል፤ ንባቡ አይታመንም። እኔ ደግሞ ለመስቀል ጅማ መግባት ፈልጌ ቀን እቆጥር ነበር።

አንድ ጠዋት ፍርስራሽ ላይ ደረስን። የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ አንዳንድ ቦታ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ደረት። በእሾህ ታጥሮ የፍየል በረት ሆኗል። አንደኛው ግድግዳ መሀሉ ላይ ወደ ውጭ በግማሽ ክብ አብጧል። ድንጋዩ ለዚያ ቅርጽ ተብሎ ተጠርቧል፤ ፊቱ ጎበጥ ያለ ነው። ውስጡን ግን የፍየል በጠጥና እሾህ ሞልቶታል። ቀያሽ ያየውን ይመዘግባልና በመስክ ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ፍርስራሽ፣ መሀሉ ያበጠ ግንብ፣ አቅጣጫ 350 ዲግሪ።" ከጎኑ ስስ ድንጋዮች መሬት ላይ ቆመዋል። እነሱ መቃብር እንደሆኑ ማንም አልጠፋውም።

ሽርጥ ያገለደሙ አንድ አዛውንት ፍየሎቻቸውን ትተው መጡ። በአስተርጓሚ "ይህ የሐርላ ቤት ነው" አሉን። ሐርላዎች የሚባሉት የጥንት ሰዎች ግዙፎች ነበሩ፣ ይህን ድንጋይ አንድ ሰው ብቻውን ያነሳው ነበር፣ ትዕቢታቸው አጠፋቸው አሉ። እኛ ወጣቶቹ ተሳሳቅን። ዛሬ ሳስበው ሽማግሌው ያሉን ሁሉ ልክ አልነበረም፤ ግዙፍ የሚባል ሕዝብ አልነበረም። ግን ከሁላችን ይልቅ ድንጋዩን በደንብ ያዩት እሳቸው ናቸው።

ፎርማኑ የተጠረበ ድንጋይ ሲያይ ዓይኑ በራ። ለጎርፍ መከላከያ የድጋፍ ግንብ መሥራት ነበረበት፤ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ ሩቅ ነው። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። "መንገዱ በዚህ ላይ ነው የሚያልፈው?" ብለው ጠየቁ። ፎርማኑ ወደ እኔ ዞረ።

መስመሩ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ነበር የሚያልፈው። ችካሉን የተከልኩት እኔው ነኝ።

"አዎ" አልኩ።

ሽማግሌው ሌላ አልተናገሩም። በረታቸውን መንቀል ጀመሩ። ገልባጩ ሦስት ቀን ተመላለሰ። የቀን ሠራተኞቹ መቃብሩን አንነካም ብለው እምቢ አሉ፤ ከእኛ ይልቅ የተማሩት እነሱ ነበሩ ማለት ነው። ግድግዳው ግን አለቀ። እኔ ለመስቀል ጅማ ገባሁ። ያን ዓመት ደመራው በዝናብ ምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ አጫውታችኋለሁ።

ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። በ1991 ዓ.ም. የሰፈራችን ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። መስጊዳቸውን አፍርሰው ሊያሰፉ ነው፤ "በመሣሪያህ ቂብላውን አረጋግጥልን" አሉኝ። ቂብላ ማለት ሲሰገድ ወደ መካ የሚዞሩበት አቅጣጫ ነው። ዛሬ ስልካችሁ በአንድ ጣት ያሳያችኋል። እኛ በሳይንና ኮሳይን ነበር። ጅማ ከመካ ትንሽ በምዕራብ ስለምትገኝ፣ ከዚህ ቂብላው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ አሥራ ሁለት ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ጫማዬን አውልቄ ልለካ ገባሁ። ጅማ ተወልጄ፣ አዛን ሰምቼ አድጌ፣ በኢድ የጎረቤት ምግብ በልቼ፣ መስጊድ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። አፈርኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ መሀሉ ላይ ወደ ውጭ በግማሽ ክብ አብጧል። ሚህራብ ነው፣ ቂብላውን የሚያሳየው እሱ ነው አሉኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሒሳቡን ለድሬዳዋ አካባቢ ሠራሁት። እዚያ መካ ያለችው በምዕራብ በኩል ነው። ከሰሜን ወደ ምዕራብ አሥር ዲግሪ ገደማ መጣልኝ። በኮምፓስ ሲቆጠር 360 ሲቀነስ 10፤ 350። የድሮውን ደብተር ከሳጥን አውጥቼ እስክገልጠው እንኳ አልቸኮልኩም፤ ቁጥሩን አስታውሰው ነበር። የጥንት መስጊዶች ሁሉ አቅጣጫቸው እንዲህ ልክ አይሆንም። ያ ግን ልክ ነበር። መሣሪያ ሳይኖረው ያን ያህል የተጠነቀቀ ሰው የሠራውን፣ መሣሪያ ይዤ አፈረስኩት።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ዜናው መጣ። ድሬዳዋ አቅራቢያ ሐርላ በምትባለው መንደር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቹ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ቆፍረው አገኙ። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ የግብፅ ሳንቲምም አብሮ ወጣ። የመንደሩ ሰዎች የግዙፎች ከተማ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ የግንቡ ድንጋይ ትልልቅ ስለነበር። የእኔ ፍርስራሽ ሌላ ቦታ ነው። ዜናውን የሰማሁት ቆሜ ነው፤ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። በሱዳን በረሃ፣ መርዌ ላይ፣ ጁሴፔ ፈርሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ በ1834 እ.ኤ.አ. ፒራሚዶች ሲያፈርስ ቢያንስ ወርቅ ይፈልግ ነበር። እኔ የበዓል ፈቃድ ነበር የፈለግሁት።

እንግዲህ ልጅቷ ምክር ጠይቃኛለችና ለሁላችሁም ልምከር። ውሃ ጠጡ፣ ባርኔጣ አድርጉ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ሁሉን በስልክ ታነሳላችሁ፣ ምንም አታዩም፤ ይህ ያናድደኛል። ግን እባካችሁ አንሱ። ያኔ አንድ ፎቶ ቢኖረኝ ምንኛ በወደድኩ። የማታውቁትን ቅርጽ ስታዩ ደግሞ የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ መልሱ ቢያስቃችሁም ጻፉት። እኛ ጅማ ቤት የሚያረጀው በዝናብ ብቻ ይመስለናል። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት ነውና ጠላቱ እርጥበት ነው። ቆላ ውስጥ ግን ድንጋይ ከዝናብና ከምስጥ ተርፎ ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል። እሱን የሚያፈርሰው ገልባጭ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

በ2011 ዓ.ም. በዚያ መንገድ በአውቶቡስ አለፍኩ። አስፋልት ሆኗል። የድጋፍ ግንቡ አልተነቃነቀም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ጎርፍ ችሏል። ከላይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊቱ ጎበጥ ያለ አንድ ድንጋይ አየሁ፤ ከሌሎቹ ጋር አልገጠመምና ግንበኛው ዙሪያውን ሲሚንቶ ሞልቶታል። ረዳቱን "አንዴ አቁሙልኝ" አልኩት። "ፋዘር፣ እዚህ መውረጃ የለም" አለኝ።