ለቪትዝም ለሞተርም አንድ ቻርጀር? 20 አምፔሩን ተወው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳጠቃልለው፦ ደሴ ነው የምታድረው፣ ቪትዝና ትንሽ ሞተር አለህ፣ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ባትሪ እያጡ አስቸግረውሃል። ሻጩ ደግሞ «20 አምፔሩን ውሰድ፣ ቶሎ ይሞላል፣ ለሁለቱም ይሆናል» ብሎሃል። እኔ ብሆን አልወስደውም።

ችግሩ የሞተሯ ባትሪ ነው። አሲድ ያለበት ተራ ባትሪ የሚሞላው በአምፔር ሰዓቱ (ባትሪው ላይ Ah ተብሎ የተጻፈው፣ የሚይዘው መጠን) አንድ አስረኛ ገደማ ሲሆን ይስማማዋል። የቪትዝ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 45 አምፔር ሰዓት ስለሆነ 4 አምፔር በቂው ነው። የትንሽ ሞተር ባትሪ ግን ከ5 እስከ 9 ነው፣ ከግማሽ እስከ 1 አምፔር ቢያገኝ አይፈልግም ሌላ። 20 አምፔር መልቀቅ ሕፃን ልጅን በጀሪካን እንደ ማጠጣት ነው፤ ይግላል፣ ይፈላል፣ ጎኑ ያብጣል። ስለዚህ ስትመርጥ ከትንሹ ባትሪ ተነስ። 1 እና 4 አምፔር የሚቀያየር ካገኘህ ለሁለቱም ይሆንሃል። ቪትዟ ግማሽ ብትወርድ እንኳ ማታ ሰክተህ ጠዋት ሞልታ ታገኛታለህ፣ ሌሊቱን ቆማ ለምታድር መኪና ምን አስቸኮለህ?

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አትመን፣ ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። 10 አምፔር በ14.4 ቮልት ሲሰላ 144 ዋት ይሆናል። ፊት ለፊቱ «10 አምፔር» ብሎ ጀርባው ላይ 60 ዋት ካለ፣ በተግባር የሚሰጥህ 4 አምፔር ቢሆን ነው። ፒያሳ ላይ ስትዞር እንዲህ ያለ ብዙ ያጋጥምሃል።

ከአምፔሩ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሲሞላ ራሱ ይቀንሳል ወይ የሚለው ነው። ሱቅ ስትሄድ ደህና ባትሪና ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይዘህ ሂድ፣ ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድም ግድ አይስጥህ። ቻርጀሩን አያይዝና ቴስተሩን የባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አድርገህ ቆይ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ 14.4 ወይም 14.7 ይወጣል፣ ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ወደ 13.5 ወይም 13.8 መውረድ አለበት። 15ን አልፎ ሽቅብ የሚሄድ ከሆነ ለባትሪ ቤት እንጂ ለሰው ቤት አይሆንም። ያ ከባዱ የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ቻርጀር ባትሪ ቤት የሚሠራው አጠገቡ ቆሞ የሚያጠፋው ሰው ስላለ ነው።

እዚያው እያለህ ሶኬቱን ነቅለህ መልሰህ ሰካ። አንዳንዱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁልፉን እስክትጫንለት ድረስ ዝም ብሎ ይቆማል። እንደኛ መብራት በሚሄድበት አገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማን ተነስቶ ይጫንለታል? 6፣ 12 እና 24 ቮልት የሚል ማዞሪያ ካለው ደግሞ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጠው። 12ቱን ባትሪ በ24 ከሰካኸው አበቃለት።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ባትሪውን ለካ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ባትሪ 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ አካባቢ ነው። ቀጥሎ አስነስተህ ለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ጥፋቱ የዲናሞው ነው፣ ለቻርጀር የምታወጣውን ለኤሌክትሪሻን ስጠው። ሞተሯ ላይ ደግሞ አላርም አስገጥሜያለሁ ብለሃል። አላርም 10 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢስብ በቀን 0.24 አምፔር ሰዓት ነው፣ 5 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በሦስት ሳምንት ባዶ ያደርገዋል። ሞተሯ የምትቆምበት ጊዜ ረዘም የሚል ከሆነ ኔጋቲቩን ፍታው፣ ነጻ መፍትሔ ነው።

ደሴ ደግሞ ብርዱን ታውቀዋለህ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ኮምቦልቻ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ጠዋት ባትሪው ይደክማል፣ ዘይቱም ይወፍራል፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያን ሁሉ መግፋት አለበት። ኮምቦልቻ ቀኑን ሙሉ ሲያስነሳ የዋለ ግማሽ ባትሪ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲያድር እምቢ ቢል ባትሪው ሞተ ብለህ አትጣለው፣ መጀመሪያ ሙላው።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምልህ፦ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ በትንሽ ፍንጣሪ ይፈነዳል፣ አሲዱም አብሮ ይረጫል። ብርዱን ሽሽት ባትሪውን ሳሎን አስገብቶ፣ በዚያው ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ቡና የሚያፈላ ቤት አይቻለሁ። በረንዳ ላይ ወይም ደጅ አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን። መጀመሪያ ቆንጣጮቹን አያይዝ፣ ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቭ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሶኬቱ የሚሰካው። ስትጨርስ ሶኬቱን ቀድመህ ንቀል።

የሞተርህ ባትሪ ላይ ሊቲየም የሚል ካለ ግን እስካሁን ያልኩት አይሠራም። ለእሱ ራሱን የቻለ የሊቲየም ቻርጀር ያስፈልገዋል።

ከታች አይሱዙ አለኝ ብለህ የጠየቅከው ወንድም፣ አብሽር፣ ያንተ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተያይዘው 24 የሆኑ ናቸው። መጀመሪያ ለየብቻ ለካቸው። አንዱ 12.6 ሌላው 12.1 ካሳየህ በ24 አንድ ላይ አትሙላቸው፣ ደካማው ሳይሞላ ጠንካራው ይፈላል። የሚያገናኛቸውን ገመድ ፈትተህ በ12 ተራ በተራ ሙላቸው።