ጥያቄና መልስ፦ አዳማ ላይ ለአረጋዊ የሚመች ቤት በትንሽ ብር

ግንባታ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። እናት አባት የሚጦሩበትን ቤት በተመለከተ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች እነዚህን መለስኩ።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ 3ኛ ፎቅ ላይ ጣለን። ሊፍት የለውም። ምን ይሻላል?

እኔ ብሆን አከራየውና በኪራዩ ግራውንድ ላይ ቤት እይዝላታለሁ። እዚያው ሰፈር ግን! ከእድሯና ከቡና ጎረቤቶቿ ካራቅካት ጉልበቷን አዳንኩ ብለህ ሌላ ሕመም ታመጣባታለህ።

ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። አባባ ማታ ሲወጡ አንዴ ወድቀዋል። ያለኝ ብር ትንሽ ነው፣ ከየት ልጀምር?

ቀለሙንና ሴራሚኩን ለጊዜው እርሺው። ብርሽን ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ጨርሺው። መጀመሪያ መብራት፤ ማብሪያው ተኝተው በእጃቸው የሚደርሱበት ይሁን። ቀጥሎ መንገዱን በሻካራ ሲሚንቶ አስደልድዪ። የበሩ ደፍ ከፍ ካለ አስነሺው። እግር የሚመታው እሱ ነው።

ቁጢጥ ብሎ መነሳት ለእርጅና ጉልበት ፈተና ነው። ከ45 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫ አስገጥሚ። የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት። ሰው ውስጥ ከወደቀ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር በገላው ይዘጋዋል።

የእጅ መደገፊያ ብረት ላይ ተጠንቀቂ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) ብቻውን አይዝም። ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀዳዳ ኮንክሪት አስሞዪው። ሰውየው ሲደገፉት የሚነቀል ብረት ጭራሽ ብረት ካለመኖሩ ይብሳል።

ደጃፋችን ሦስት ደረጃ አለው። ለዊልቸር ተዳፋት መውጫ ስንት ሜትር ይበቃል?

ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። ሦስት ደረጃ በ15 ሳንቲ ሜትር 45 ነው፤ ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልግሃል። ግቢው ካጠረ አጥፈው። ግንበኛው «2 ሜትር ይበቃል» ካለህ ዊልቸር ላይ አስቀምጠውና ራሱ ይውጣው።

የቀበሌ ቤት ነው። ግድግዳ ማፍረስ እንችላለን?

ሳታስፈቅዱ አትንኩ። ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ።

ቆርቆሮው ቀን ቀን ያቃጥላል። አያቴ እቤት መቀመጥ አልቻለችም።

የአዳማ ነገር! ፀሐይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የምትመታው የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳን ነው። አዲስ የምትሠራ ከሆነ በዚያ በኩል የግድግዳው ርዝመት አጭር ይሁን፣ መስኮቱን ወደ ሰሜንና ደቡብ አድርገው። ብሎኬቱን ፑሚስ ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አስመርት፤ ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ አያሳልፍም። ለተሠራ ቤት ደግሞ ኮርኒስ አስመታ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል አየር መውጫ ተው። ነፋስ እንደሆነ ሞልቷል፤ ተርባይን የተከልንበት ከተማ ነው። በምዕራብ በኩል ዛፍ ትከል።

ውሃ በፈረቃ ነው። እናቴ ጀሪካን ማንሳት አትችልም።

የጣሪያውን ውሃ ያዙ። 50 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 500 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ለልብስና ለሽንት ቤት ደህና ነው። ቧንቧው ወገብ ላይ ይሁን፣ እንዳታጎነብስ።

እድራችን ጧሪ ለሌላቸው አባላት ክፍሎች ሊሠራ አስቧል። ምን ትመክረናለህ?

ተያይዘው ይሠሩ፤ የጋራ ግድግዳ ወጪ ይቀንሳል። አረጋውያንን ብቻ ለብቻ አታስፍሩ፣ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችም መሃላቸው ይግቡ። በሮቹ ሁሉ ወደ ግቢው ይዩ። እስከ ረፋዱ ያልተከፈተ በር ካለ ቡና የምታፈላዋ ታየዋለች፣ ሄዳም ታንኳኳለች።