ባክቴሪያ «ቀልጣፋ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምርምር ጽሑፌን ጨምቄ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ጉዳዩ ዕፅዋትና የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚያገኙት ካርቦን ምን ያህሉን ለዕድገት እንደሚያውሉት ነው። «ሙቀት ሲጨምር የተሕዋስያኑ የካርቦን አጠቃቀም ቅልጥፍና ይቀንሳል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጓደኛዬ አንብቦ «እንዴ! ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ እንጂ ይዘገያሉ እንዴ?» አለኝ። ቃሉን ልቀይር ወይስ ጓደኛዬን ላስተምር?

መልስ፦ ቃሉን ይቀይሩ። ጓደኛዎ ልክ ነው።

«ቅልጥፍና» የፍጥነት ቃል ነው። ቀልጣፋ የምንለው እጁ የማይዘገየውን ሰው ነው። «አቀላጥፎ አነበበ» ስንል ሳይንተባተብ አነበበ ማለታችን ነው። «ቀልጣፋ አገልግሎት» ሲባልም ሰልፉ ቶሎ ማለቁን ነው የምናስበው፤ ምን ያህል ወረቀት እንደባከነ የሚጠይቅ የለም።

እርስዎ የሚያወሩት ግን ስለ ፍጥነት ሳይሆን ስለ ክፍፍል ነው። የገባው ካርቦን ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ ገላ ይሆናል፣ ከፊሉ በትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ገላ የሆነውን ለገባው ሲያካፍሉ የሚፈልጉትን ቁጥር ያገኛሉ። በቤት አነጋገራችን «የበላው አይታይበትም» የምንለው ሰው ይህ ቁጥር ዝቅ ያለበት ነው።

ለማሳያ የራሴን ቁጥር ልፍጠር። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ተሕዋስያኑ 100 ካርቦን ወሰዱ እንበል፤ 40ው ገላ ሆነ፣ 60ው ተነፈሰ። አፈሩ ሞቀ። አሁን በዚያው ጊዜ 150 ወሰዱ፤ 45ቱ ገላ ሆነ፣ 105ቱ ተነፈሰ። ይበልጥ በልተዋል፣ በፍጥነትም አድገዋል። ድርሻው ግን ከ0.4 ወደ 0.3 ወርዷል። ይህንን «ቅልጥፍናቸው ቀነሰ» ቢሉት አንባቢ የሚረዳው የሆነውን ተቃራኒ ነው። ቃሉ ደካማ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ይሄኛው ግን ያሳስታል።

ታዲያ ምን እንበል? «ውጤታማነት» አይሆንም። ውጤታማ ማለት ያሰበውን ያደረሰ ነው። ውሃውን ያወጣ ፓምፕ ውጤታማ ነው፤ ስንት ነዳጅ እንደፈጀ ግን ቃሉ አይነግረንም። «ቆጣቢነት» ትንሽ ይቀርባል፤ «ኃይል ቆጣቢ አምፖል» እንላለን፣ ሁሉም ይገባዋል። ችግሩ ቆጣቢ ትንሽ የሚወስድ ነው። የእርስዎ ተሕዋስ ብዙ ወስዶም ብዙውን ገላ ሊያደርግ ይችላል።

«ብቃት» በጣም ተለምዷል። መምሪያዎ «የካርቦን አጠቃቀም ብቃት»ን ከተቀበለ በርዕስ ላይ ያቆዩት፣ አልጣላዎትም። ግን «በቃ» ከሚለው ግስ የመጣ ስለሆነ የችሎታና የደረጃ ሽታ አለው። ጸሎተኛ አባትም «የበቁ» ይባላሉ። «ብቃቱ የወረደ ባክቴሪያ» ሲሉኝ እኔ የሚታየኝ ፈተና የወደቀ ባክቴሪያ ነው። «አጠቃቀም»ም የራሱ ጣጣ አለው። እንደ አነጋገርና አረማመድ ሁሉ ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ነው፤ ምን ያህል ሳይሆን እንዴት የሚለውን ይመልሳል። በዚያ ላይ «የካርቦን አጠቃቀም» ብቻውን ሲቆም ሰው ነዳጅ ማቃጠሉን ያስባል።

የእኔ ምርጫ «ድርሻ» ነው። «ለዕድገት የሚውለው የካርቦን ድርሻ» ይበሉ። ረዘመ? ይርዘም። «የካርቦን ዕድገት ምጣኔ» ብለው ግን እንዳያሳጥሩት፤ አንባቢ ያደገው ካርቦኑ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ሙሉውን ከጻፉ በኋላ «ድርሻው» ብቻ ይበቃል። ለቁጥርም ይመቻል፦ ድርሻው 0.3 ነው፣ ድርሻው ወረደ።

በዕፅዋትም ያው ቃል ይሠራል። እዚያ በብርሃን አስተጻምሮ የገባው ጠቅላላ ምርት ነው፤ ተክሉ የተነፈሰው ሲቀነስ የተጣራ ምርት ይቀራል። ድርሻው የተጣራው ለጠቅላላው ሲካፈል ነው። ለረጅም ጊዜ ግማሽ ገደማ ነው ተብሎ እንደ ቋሚ ይወሰድ ነበር። ደኖች ሲለኩ ግን ከ0.2 ጥቂት ከፍ ካለው እስከ 0.8 ገደማ ተገኘ። ስለዚህ «የዕፅዋት ድርሻ ግማሽ ነው» ብለው አይደምድሙ፤ «ግማሽ ገደማ ነው ተብሎ ሲወሰድ ቆይቷል» ይበሉ።

በተሕዋስያኑም ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ቃል ጎድሏል። ሙቀት ድርሻውን ሁልጊዜ አይቀንስም። እንደ ምግቡ ዓይነት ይለያያል፤ ስኳር የመሰለ ቀላል ምግብና ለመሰባበር የሚያስቸግር ምግብ እኩል አይነኩም። ናይትሮጅን ሲያጥርም ተሕዋስያኑ ትርፉን ካርቦን ዝም ብለው ሊተነፍሱት ይችላሉ፤ ያኔ ድርሻው የሚወርደው ያለ ሙቀት ነው። እንዲህ ቢጽፉትስ፦ «ሙቀት ሲጨምር የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚወስዱት ካርቦን ለዕድገት የሚያውሉት ድርሻ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ተነፍሶ የሚወጣው ድርሻ ይጨምራል።» ጓደኛዎ ይህን አንብቦ ስለ ፍጥነት የሚጠይቅ አይመስለኝም።

የላኩልኝን ገጾች ሳነብ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ተሕዋስያኑ ሲሞቱ አፈር ውስጥ የሚቀረውን «ቅሪተ አካል» ብለውታል። ይህ ቃል ድንጋይ ለሆነ የጥንት ፍጡር ተይዟል። «በድን» ይበሉት። እዚህ ላይ ስሕተቱ ከባድ ነው፤ በድኑ ከሸክላ አፈር ጋር ተጣብቆ ካርቦንን አፈር ውስጥ ከሚያቆዩት ዋነኞቹ አንዱ ነውና፣ አንባቢ ዳይኖሰር እያሰበ ሊያልፈው አይገባም።

«ተዋሕስያን» ነው ወይስ «ተሕዋስያን» የሚለውንም ልንገርዎት፦ ሁለተኛው ነው። ምንጩ የግዕዙ «ተሐወሰ» ነው፣ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። ሐ ከወ ይቀድማል። በንግግር ሲገላበጥ እሰማለሁ፣ እኔም አንዳንዴ ያመልጠኛል፤ በጽሑፍ ግን እንደ ሥሩ ይሁን። «ካርቦን» እና «ካርበን»ን በተመለከተ ደግሞ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው አይልቀቁት። በሦስት ገጽ ውስጥ ሁለቱንም አግኝቻለሁ።