«ሞይሬን መጣች» ወይስ «ሞይሬን መጡ»?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ እየተገናኘን በመጻሕፍት ላይ የምንወያይ ጓደኛሞች ነን። ብዙ ሰው ሳታነቡት እንዳትቀሩ የሚለውን «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» የተባለ ረጅም የምናብ ታሪክ በእንግሊዝኛ ጀምረን የመጀመሪያውን ቅጽ ጨርሰናል። ውይይታችን በአማርኛ ስለሆነ ምዕራፎቹን ተከፋፍለን አሳጥረን እየጻፍን እናቀርባለን። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዷ ስለሆነችው ሴት፣ ስለ ሞይሬን፣ ሲጽፍ አንዱ «መጣች» ይላል፤ ሌላዋ «መጡ» ትላለች። ንጉሥ፣ ጠቢብና እረኛ በሚገናኙበት እንዲህ ባለ ታሪክ አንቱታው እንዴት ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ተራኪው ሁሉንም በነጠላ ይጥራ፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ዕድሜያቸው፣ ማዕረጋቸውና ቅርበታቸው እንደሚጠይቀው «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ይባባሉ። ይህን ገና በመጀመሪያው ቅጽ መወሰናችሁ ተገቢ ነው። ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው፣ እርሱ በ2007 ካረፈ በኋላ ደግሞ ብራንደን ሳንደርሰን በ2013 የፈጸመው ይህ ሥራ 14 ዋና ቅጾች አሉትና፣ ዛሬ ያልተስተካከለው ነገር ወደፊት ሰው በበዛ ቁጥር እየተወሳሰበ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ምክንያቴ ሰዋስዋዊ ነው። በአማርኛ የሦስተኛ መደብ አንቱታ ቅርጹን የሚዋሰው ከብዙ ቁጥር ነው፤ «መጡ» ስንል አንድ የተከበረ ሰው ወይም ብዙ ሰዎች መምጣታቸውን የሚለይልን ዐውዱ ብቻ ነው። «ሞይሬንና ባልደረባዋ ላን ወደ መንደሩ ገቡ። ጥቂት ቆይተውም ወጡ፤ ፈረሳቸውን ጭነው ነበር» ብላችሁ ብትጽፉ፣ የወጡት ሁለቱም ናቸው ወይስ ሞይሬን ብቻ? ፈረሱስ የማን ነው? በነጠላው «ወጣች፤ ፈረሷን ጭና ነበር» ሲባል ግን ጥርጣሬው ይጠፋል። በዚያ ላይ አንቱታ ጾታን ይደብቃል፤ «እሳቸው» ወንድም ሴትም ነው። ኃያላን ሴቶች በሞሉበት፣ ስሞቹም ለአማርኛ ጆሮ ወንድ ይሁኑ ሴት በማያስታውቁበት ታሪክ ውስጥ፣ አድማጭ «እሳቸው» ሲባል ማንን እንደሚያስብ አስቡት።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይከብዳል። አንቱታ ማዕረግን ይናገራል፤ ይህ ታሪክ ደግሞ ማዕረግን በመደበቅ የሚሄድ ነው። ሞይሬን ለመንደሩ ወጣቶች መጀመሪያ የምትታየው በስሟ ብቻ የተዋወቀች ባለጸጋ እንግዳ ሆና ነው፤ ምን እንደሆነች የሚታወቀው ጭራቆቹ መንደሩን ከወረሩ በኋላ ነው። አብሯት የመጣው ላን ከየትኛው ዘር እንደሆነ የሚገለጠውም ወደ ቅጹ መጨረሻ ገደማ ነው። ተራኪው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «ላን ሰይፋቸውን ታጥቀው ቆመዋል» ካለ፣ ደራሲው ብዙ ምዕራፍ የሸሸገውን ነገር በአንድ ግስ አሳልፎ ይሰጣል። «ታጥቆ ቆሟል» ሲባል ግን ምስጢሩ በቦታው ይቆያል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። በገዛ ልብ ወለዶቻችን ተራኪው ሰውን አንቱ ይል የለምን? ይላል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ በተራኪው አንደበት በአንቱታ ሲጠሩ፣ የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ ሳለ በነጠላ ይጠራል። በዚያ መጽሐፍ አንቱታው የአንድን ኅብረተሰብ መሰላል ስለሚያሳይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ አንባቢውም መሰላሉን አስቀድሞ ያውቀዋል። እናንተ በያዛችሁት ታሪክ ግን መሰላሉ ራሱ እንግዳ ነው፤ አንባቢው ከእረኛው ከራንድ ጋር ደረጃ በደረጃ ሊማረው ይገባል። ስለዚህ የሐዲስ ዓለማየሁን አካሄድ ባከብርም ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ወደ ንግግሩ ስንመጣ አማርኛ ሀብቱን የሚያወጣው እዚህ ነው። አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንይ። በወረራው ሌሊት የራንድ አባት ታም ክፉኛ ቆስሏል፤ የመንደሩ ፈዋሽ ናይኔቭ ከአቅሟ በላይ መሆኑን ትናገራለች፤ ራንድም ሞይሬንን ሊለምናት ይሄዳል። አሳጥራችሁ ስትጽፉ ልጁ ምን ይበላት? «አባቴን አድኚልኝ» ካላት ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ የገጠር ልጅ የማያውቃትን ታላቅ እንግዳ «አንቺ» ማለቱ ድፍረት ይሆናል። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ልመና ውስጥ «አንተ» እና «አንቺ» የጸሎት ቋንቋ ናቸው፤ ፈጣሪን «አንተ»፣ ድንግል ማርያምን «አንቺ» እንላለን። «እመቤቴ፣ አባቴን አድኚልኝ» የሚለውን የሰማ ሰው ሥዕል ፊት የቆመ ሰው እንጂ ራንድን አያይም። «እመቤት ሞይሬን፣ አባቴን ያድኑልኝ» ቢባል ግን ፍርሃቱም፣ አክብሮቱም፣ ርቀቱም ይደርሳል። «እመቤት» ከስሟ ጋር ሲያያዝ ማዕረግ መሆኑ ግልጽ ነው፤ «እመቤቴ» ብቻውን ሲቆም ግን ወደ ጸሎቱ ይጎትታል።

የሞይሬን ፊት ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ደራሲው ዕድሜዋ የማይገመት አድርጎ ነው የሳላት፤ ወጣት ትመስላለች፣ ነገር ግን ወጣት አትባልም። እኛ ሰውን በመጀመሪያ እይታ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ለማለት በአብዛኛው የምንመዝነው ዕድሜን ነው። ስለዚህ የመንደሩ ልጆች መጀመሪያ ሲያናግሯት አንዱ «እርስዎ» ቢል፣ ሌላው ስሟን ብቻ ጠርቶ ግሱን ቢያድበሰብስ ለታሪኩ ይስማማል። ናይኔቭ በተቃራኒው ለሥልጣኗ በጣም ወጣት ናት፤ በዚህም የሚያጉረመርሙባት የመንደር ሰዎች አሉ። ሽማግሌዎቹ በሸንጎ ፊት «እርስዎ» ብለዋት ሲናደዱ «አንቺ» ቢሏት፣ እንግሊዝኛው በማብራሪያ የሚናገረውን አማርኛው በአንዲት መደብ ይጨርሰዋል። ይህን ዕድል እንዳታባክኑት አደራ እላለሁ።

ማዕረግና ነጠላ ግስ አብረው አይሄዱም የሚል ጓደኛ ካላችሁ፣ አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን ያስታውስ። በተረታችን «አያ ጅቦ መጣ»፣ «እመት ጦጢት አለች» ይባላል እንጂ «መጡ»፣ «አሉ» አይባልም። በአዲስ አበባ ቤቶችም ታላቅ ወንድምን «ጋሼ መጣ» ማለት የተለመደ ነው። ስለዚህ «እመቤት ሞይሬን ተነሣች» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። «ወይዘሮ» ግን አትበሏት፤ ጥንት የመሳፍንት ሴቶች መጠሪያ የነበረው ይህ ቃል ዛሬ ያገባች ሴትን ያመለክታልና፣ የሌለ ባል ያመጣባታል። «ወይዘሪት»ም ከክብሯ ያወርዳታል።

የማንነቷ ምስጢር ከተገለጠ በኋላ ግን «እመቤት» የሚለውን ትታችሁ መጽሐፉ ራሱ ከስሟ ኋላ የሚያስከትለውን ማዕረግ እንዳለ ብትወስዱ፣ «ሞይሬን ሴዳይ» ብትሏት ይበቃል። ሁለቱን ደርቦ «እመቤት ሞይሬን ሴዳይ» ማለት አያስፈልግም፤ ግሱም በተራኪው አፍ እንደ ወትሮው «መጣች» ይሁን።