ሰላጣው ሁሉ በአንዴ ለሚደርስብህ

«ሰላጣው በአንድ ሳምንት ይግተለተልና ቀጥሎ ለገበያ የማወጣው አጣለሁ» ላልከው፦ ዘሩን በአንድ ቀን አትጨርሰው። መደቡን ከፋፍለህ በየ2 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝራ። እንደ ዝርያው ከ45 እስከ 60 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ከገበያው ቀን ወደኋላ ቆጥረህ ጀምር። ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ያብባል፣ መራራም ይሆናል፤ ያኔ ጥላ አብጅለት።

ክፍተቱን ቆስጣ ይሸፍንልሃል። የውጭ የውጩን እየቀነጠስክ መሃሉን ከተውከው ደጋግሞ ይሰጣል። ካሮትም ደርሶ መሬት ውስጥ ትንሽ ይጠብቅሃል።

ካየሁት አንድ ልንገርህ። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቁረጥ። አጥበህ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ፌስታል ውስጥ አትቋጥረው፣ ታፍኖ ይሟሽሻል። ገዢ ደግሞ አገላብጦ የተቆረጠበትን ቦታ ነው የሚያየው፤ ቡናማ ከሆነ ዋጋም ሳይጠይቅ ያልፍሃል።